የጫጩት መፈልፈያ ለሠራችው እህታችን፦ ድጋፉ ያለው ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ነው

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ላላየው ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ናችሁ፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ ደረጃ 4 ጨርሳችኋል። ገላን በተከራያችሁት አንድ ክፍል ቤት 200 እንቁላል የሚይዝ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን ትሠራላችሁ። እስካሁን አራት ሸጣችኋል። የአንቺ መታወቂያ የአቃቂ ቃሊቲ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ስልጠና ወሰድሽ፣ ሁለት ውድድር ላይ ቀረብሽ፣ ከምስክር ወረቀት በቀር ይዘሽው የተመለስሽ ነገር የለም። «ስታርታፕ ይደገፋል ይባላል፤ ግን ሁሉም ነገር ያለው ቦሌ ነው። ዳር ላይ ያለነው ወዴት እንሂድ?» ብለሽ ነው የጨረስሽው።

ወደ ዳር ሂጂ ነው መልሴ። ከገላን ወደ ዱከም፣ ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ። ላስረዳሽ።

እኔ 16 ዓመት አቃቂ፣ ቃሊቲና ገላን አካባቢ ከትንንሽ ወርክሾፖች ጋር ነው የሠራሁት። ብየዳ ቤት፣ እንጨት ቤት፣ ሳሙና የሚሠሩ፣ ብሎኬት የሚመቱ። የስታርታፕ ኢኮሲስተም ሲባል ብዙ ወጣት የሚታየው ዋይፋይ ያለው አዳራሽና ፒች የሚደረግበት መድረክ ነው። እነዚህ ቦታዎች ዋጋ አላቸው። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት እንዲህ ዓይነት ቦታ በአገሩ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ልጅ እዚያ ተገናኝቶ ኩባንያ መሠረተ። ምርት ገበያን ያቋቋሙት ዶ/ር እሌኒ ገብረመድህን የጀመሩት ብሉሙንም የተነሳው የግብርና ሐሳብ ያላቸውን ወጣቶች ይዞ ነው። አፕ የምትሠሪ ብትሆኚ ኖሮ ነገ ጠዋት ወደዚያ ሂጂ እልሽ ነበር፤ ሥራ ባልደረባሽም፣ ደንበኛሽም፣ ገንዘብ የሚያስገባልሽ ሰውም እዚያ አካባቢ ነው ያለው።

አንቺ ግን ላሜራ አጥፈሽ፣ ማሞቂያ ገጥመሽ፣ ፋን አስገብተሽ ጫጩት የሚያወጣ ሳጥን ነው የምትሠሪው። ለአንቺ ኢኮሲስተም ማለት ማሽኑን የሚገዛሽ፣ ሲበላሽ የሚያግዝሽ፣ ጥራቱን የሚፈትሽልሽ፣ ዕቃ የሚያቀርብልሽና «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ፣ ሥራዋ ጥሩ ነው» ብሎ የሚመሰክርልሽ ሰው ነው። እነዚህ ሁሉ ካለሽበት ቦታ በ45 ደቂቃ መንገድ ውስጥ ናቸው።

እስቲ መንገዱን አብረን እንሂድበት። አቃቂ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቆርጡ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ በየሰፈሩ ቶርኖ ቤት አለ፣ ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ ባለሙያ አለ። አንድ ቅዳሜ ሻይ ጋብዘሽ ንድፍሽን ብታሳዪያቸው በአንድ ሰዓት የሚነግሩሽ ነገር የአንድ ሳምንት ስልጠና ያህል ነው። ቂሊንጦ በኩል የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚፈልጉ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ተማሪዎች በየዓመቱ አሉ፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ክፍል እንደ ጥያቄ አድርገሽ ብታቀርቢላቸው ደስ ብሏቸው ይይዙታል። ከዚያ ቢሾፍቱ። የአገሪቱ የዶሮ ሥራ እምብርት ቢሾፍቱ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው፤ በዶሮ ላይ የሚመራመሩ ሰዎች አሉት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እዚያ ነው። የፈንግል ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም እዚያ ነው። ትልልቆቹ የዶሮ እርባታዎችም እዚያው ዙሪያ ናቸው። ማሽኑን በአይሱዙ ጭነሽ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ዱከም አንዲት እናት ቤት ሄድን፤ አንድ ወጣት የሠራውን መፈልፈያ ገዝተው «ጫጩቱ ይወጣል ግን አይቆምም» ብለው ተቸግረው ነበር። ልጁም አብሮን አለ፣ ፊቱ ጠቁሯል። ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር 37.5 ይላል፤ ትክክል ነው። እኔም ችግሩ አልታየኝም። አብራን የነበረች የዶሮ ባለሙያ ግን ማሽኑን እንኳ አላየችም። ከታችኛው ትሪ አንድ ጫጩት አነሳች፣ ገለበጠች፣ ሆዱን አሳየችን። «እምብርቱ አልተዘጋም» አለች። «ታች ብርድ ነው።» ቴርሞሜትር ታችኛው ትሪ ላይ ስናስቀምጥ 36.4 ሆነ። ላይኛው ደግሞ 37.8። ሙቀት መለኪያው የተሰካው መሃል ላይ ስለነበር የመሃሉን ሙቀት ብቻ ነበር ሲያነብ የከረመው። ፋኑን አውርደን ወደ ጎን አዞርነው፣ አለቀ። ያ ልጅ ስድስት ወር ኢንተርኔት ላይ የተሻለ ኮንትሮለር ሲፈልግ ነው የቆየው፤ መልሱ የነበረው ጫጩት ገልብጣ የምታውቅ ሴት እጅ ላይ ነው። ከእሷ ጋር ደግሞ ቦሌ አዳራሽ ውስጥ አይገናኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራሽ የሸጥሻቸውን አራት ማሽኖች ተከትሎ መሄድ ነው። አራቱንም ቤት ሂጂ፣ ደብተር ይዘሽ። ስንት እንቁላል ገባ? በ7ኛው ቀን በመብራት ሲታይ ስንቱ ፍሬ ያለው ነበር? በ21ኛው ቀን ስንቱ ወጣ? ከመቶ ስንት ይፈለፈላል ተብለሽ ስትጠየቂ ሁለቱን ለይተሽ መልሺ፦ ከገባው ስንት፣ ፍሬ ካለው ስንት። አውራ ከሌለበት እርባታ የተገዛ እንቁላል መቼም አይፈለፈልም፤ ሰው ግን ማሽኑን ነው የሚወቅሰው። ደግሞ ቦቫንስን የመሰለ ዲቃላ ዶሮ እንቁላል ቢፈለፈልም ጫጩቱ እናቱን አይተካም፤ ኮይኮይ የሚባለው ዝርያ ላይ ይሄ ችግር የለም። ይሄን ለገዢሽ የምትነግሪ ቀን ማሽን ሻጭ ብቻ መሆንሽ ይቀራል፣ አማካሪያቸው ትሆኛለሽ። በዚህ ምክንያት ብቻ ጎረቤታቸውን ይዘውልሽ ይመጣሉ።

ቴርሞሜትርሽንም አታምኚው። አንድ ጥሩ ቴርሞሜትር ግዢና ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወስደሽ አስለኪው፤ ሌሎቹን በእሱ ታመሳክሪያለሽ። ለአንድ ወርክሾፕ ትንሽ ወጪ ናት። ምርምር ማዕከሉ ስትሄጂ ግን ሌላ ሰው ያደርግሻል።

ስልጠናን በተመለከተ። አምስት ስልጠና በቅቶሻል። አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ እንቁላል ማሽን ውስጥ ሲገባ በየጊዜው ይገላበጣል፤ በ18ኛው ቀን ግን መገላበጡ ይቆማል፣ ጫጩቱ ራሱን አዙሮ ቅርፊቱን መምታት ስላለበት። ከዚያ በኋላ ማገላበጥ ይጎዳዋል። አንቺ 18ኛው ቀን ላይ ነሽ። የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩትን የስድስት ቀን ስልጠና ካልወሰድሽ እሱን ብቻ ውሰጂ፣ ጠንካራ ነው፤ ሰው ራሱን እንዲያይ ያደርጋል። ብሩህ ኢትዮጵያን የመሰለ ውድድርም ሲወጣ ተመዝገቢ፣ ግን ያ የፈለፈላችሁበት ደብተር እጅሽ ከገባ በኋላ። የባለፉት ሁለት ጊዜ ማሽኑን ነው ይዘሽ የቀረብሽው፤ ዳኛው ማሽን ብዙ አይቷል። የአራት ገዢ የሦስት ዙር ውጤት ይዞ የመጣ ሰው ግን ብዙ አላየም።

አሁን ያለሽ መብት ሆኖ ማንም ያልነገረሽ አንድ ድጋፍ አለ፦ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኞች ክፍል ውስጥ ከማስተማር በተጨማሪ ኢንተርፕራይዞች ዘንድ ሄደው በአራት ነገር እንዲያግዙ ይጠበቃል፦ በቴክኒክ ክህሎት፣ በቴክኖሎጂ፣ በኢንተርፕረነርሺፕና በካይዘን (አሠራርን በየጊዜው ማሻሻል)። በነፃ ነው። እኔ ራሴ እዚህ ሥራ ውስጥ ነበርኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ጊዜ ቅጽ ተሞልቶ ፊርማ ተፈርሞ ያልፋል። ጥፋቱ ግን የአሠልጣኙ ብቻ አይደለም። ኢንተርፕራይዙ «ምን እናግዝህ?» ሲባል «ብድር» ይላል፤ አሠልጣኙ ደግሞ ብድር የለውም። አንቺ «የላሜራው እጥፋት በእጅ ስለሆነ በሩ አይገጥምም፣ ሙቀት ያመልጣል፣ የኮሌጃችሁን ማጠፊያ ማሽን በሳምንት ግማሽ ቀን እንጠቀም» ብትዪ የሚሰጥሽ ነገር አለው። የጠየቅሽው ነገር በቁርጥ የታወቀ ይሁን። የተማርሽበት ኮሌጅ ስለሆነ ደግሞ ስምሽን ያውቁታል።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አድራሻ።

ዳር ላይ የሚሠራ ሰው ትልቁ ችግር ርቀት አይደለም፤ ሁለት አስተዳደር መሃል መቆሙ ነው። አቃቂ ቃሊቲ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነው። ገላን ደግሞ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከለገጣፎ ጋር በ2015 የሸገር ከተማ ሆኗል፤ ኦሮሚያ ነው። በነሐሴ 2014 የሁለቱ ወሰን ሲካለልም ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወሩ ሰፈሮች አሉ። አንቺ እዚህ ትኖሪያለሽ፣ እዚያ ትሠሪያለሽ። ንግድ ፈቃድ የሥራ ቦታሽን ይከተላል። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ሼድ (መንግሥት የሚሰጠው የመሥሪያ ቦታ) እና ብድር ማግኘት ግን የነዋሪነት መታወቂያሽን ይከተላል። ወረዳሽ ስትሄጂ «ሥራሽ ገላን ነው» ይሉሻል፣ ገላን ስትሄጂ «መታወቂያሽ የቃሊቲ ነው» ይሉሻል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ፋይሉ አይገጥምም።

መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ሥራውን ጠቅልሎ መታወቂያችሁ ወዳለበት መመለስና እዚያ መደራጀት። ሼድ የምትጠብቂ ከሆነ ይሄን ትመርጫለሽ። ሁለተኛው ጨርሶ ከመደራጀት ወጥቶ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ማለቴ ነው፣ ለዚህ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው። ለአንድ ሰው ብቻም ይፈቅዳል፣ እናንተ ግን ሦስት ናችሁ። ለዚህ ማኅበር የትኛው ወረዳ ነዋሪ እንደሆንሽ ጉዳዩ አይደለም፤ ድርጅቱ የራሱ አድራሻ፣ የራሱ ቲን፣ የራሱ ፈቃድ ይኖረዋል። እኔ አንቺን ብሆን ይሄን አደርጋለሁ፣ እዚያው ገላን። ገዢዎችሽ ያሉት በዚያ አቅጣጫ ነው። ስትመሠርቱ ግን ንድፉ የማን እንደሆነ፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ጻፉት። ጓደኝነታችሁ አሁን ጥሩ ስለሆነ አሁን ነው የሚጻፈው።

«ሼድ ቢሰጠን ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር» ብለሻል። ሼድ ጥሩ ነው፣ ኪራይ ይቀንሳል። ግን ሳታዪ አትጓጊ። የማውቃቸው አምስት ልጆች ሁለት ዓመት ጠብቀው ሼድ ደረሳቸው። ቁልፍ በተረከቡበት ቀን ዳቦ ተቆርሷል። ከዚያ ስሪ ፌዝ፣ ለከባድ ማሽን የሚሆነው ባለ ሦስት መስመር መብራት፣ አልገባለትም ተባለ። ብየዳ ማሽናቸው ስሪ ፌዝ ነው። ዘጠኝ ወር እዚያ ሼድ ውስጥ መጋዘን ከማድረግ ውጪ ምንም አልሠሩበትም፤ የቀድሞውን ቤት ለቀውት ስለነበር ደንበኛቸው ተበተነ፣ ሁለቱ ሥራውን ትተው ሄዱ። አሁንም ሳስበው ያመኛል፣ አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ የሚተርፍ ነገር ነበር። ስለዚህ ቆጣሪውን፣ መስመሩን፣ አይሱዙ የሚገባበትን በር ሳታዪ ያለሽበትን ቤት እንዳትለቂ።

ገንዘብን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ከላይ ያለው ሲስተካከል ገንዘቡ ይቀላል።

ከሁሉ በፊት ቀብድ ተቀበዪ። ግማሹን። አራቱን ማሽን የሸጥሽው በራስሽ ብር ሠርተሽ፣ ካለቀ በኋላ ገዢ ፈልገሽ ነው፤ ለዚህ ነው ኪስሽ የደረቀው። ሰው ቀብድ የሚከፍለው ሲያምን ነው፤ ደብተሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዋጋ ስትሰጪ ደግሞ የሚቆይበትን ቀን ጻፊበት። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፤ ኮንትሮለርና ፋን ከመርካቶ የሚገዙ ልጆች በአሮጌ ዋጋ ተስማምተው በአዲስ ዋጋ ዕቃ ገዝተው ከሠሩ በኋላ ዕዳ ውስጥ ገቡ። አሥር ቀን ይበቃል።

ሁለተኛው፣ አንቺ ከመበደር ይልቅ ገዢሽ እንዲበደር አድርጊ። በኅዳር 2015 የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ የሚያረባ ወጣት በየወረዳው ተደራጅቷል፤ የ45 ቀን ጫጩት አሳድገው የሚሸጡ ማኅበራት በብዛት አሉ። እነሱ ብድር ሲጠይቁ አበዳሪው ፕሮፎርማ፣ ማለትም የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ፣ አምጡ ይላል። ፕሮፎርማ የሚሰጠው ፈቃድ፣ ቲንና ደረሰኝ ያለው ሰው ነው። እስካሁን እነዚህን ገዢዎች ያጣሻቸው ማሽንሽ ስለማይረባ አይደለም፣ ፕሮፎርማ መስጠት ስለማትችዪ ነው። ድርጅት አቋቁሚ ያልኩሽ ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

ማጠፊያ ወይም መቁረጫ ማሽን መግዛት ስትደርሺ የካፒታል ዕቃ ኪራይ የሚሰጡ ተቋማት አሉ፤ ማሽኑን ገዝተው ይሰጡሻል፣ እየከፈልሽ በመጨረሻ የአንቺ ይሆናል፣ ዋስትናው ራሱ ማሽኑ ነው። ቤትና መሬት ለሌለው ልጅ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል፤ ባንክ ስትሄጂ «ካርታ አለሽ?» ተብለሽ ዝም ብለሽ አትመለሺ፣ አዋጁን ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። በስልክ የሚሰጡት ብድሮች፣ የቴሌብር መላና የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ፣ ያለ ቤት ዋስትና ስለሚሰጡ ይረዳሉ፤ ግን የአጭር ጊዜ ናቸው። ላሜራ ገዝቶ ማሽን ሠርቶ አስረክቦ ገንዘብ እስኪሰበሰብ ሁለት ወር ለሚፈጅ ሥራ በአንድ ወር የሚመለስ ብድር ገደል ነው። ቀብድ ተከፍሎሽ ትንሽ ጎደሎ ለመሙላት ብቻ።

እቁብም አለ። ከቶርኖ ቤቱ፣ ከብረት ሻጩ፣ ከእንቁላል ነጋዴው ጋር በአንድ እቁብ ብትገቢ የሚገኘው ብሩ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ። ብረት ሻጩ በዱቤ የሚሰጥሽ የዚያን ጊዜ ነው። መርካቶ በዚህ መንገድ ነው የቆመችው፤ ገላንም ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። በበሩ ላይ የገጠማችሁት፣ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱን የሚይዘው የውኃ ጀሪካን ዘዴ የእናንተ ሐሳብ ከሆነ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሂዱና ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ላይ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባል ጥበቃ አለ፤ ለትልቅ ፓተንት ለማይደርስ ግን አዲስ ለሆነ ነገር የታሰበ ነው። ውድድር መድረክ ላይ ለሕዝብ ከማሳየታችሁ በፊት ግን። አዲስነቱ ነው የሚታየው።

ቅደም ተከተሉን ጠይቀሻል። በዚህ ሳምንት አራቱን ገዢዎች ጎብኚ። በሚቀጥለው ሰኞ ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ የድርጅቱን ነገር ቁረጡ። ከዚያ አንድ ማሽን ጫኑና ቢሾፍቱ ምርምር ማዕከሉ በር ላይ ቁሙ፤ ደብዳቤ ይጠየቅ ይሆናል፣ ኮሌጃችሁ ይጽፍላችኋል፣ አስቀድማችሁ አስጽፉ። «100 የኮይኮይ እንቁላል በእኛ ማሽን አስገቡልንና ውጤቱን በጽሑፍ ስጡን» በሉ። እንቁላሉን ግዙ ካሏችሁ ግዙ። የመጀመሪያው ሰው እምቢ ካለ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ አለ፣ መንገዱ አንድ ነው።

በ21ኛው ቀን ቁጥሩን ጻፊልኝ። የገባው፣ በ7ኛው ቀን ፍሬ የነበረው፣ የወጣው። ላይኛውና ታችኛው ትሪ ለየብቻ ይሁን።